የወይዘሮ ዓባይነሽ ጥጋብ

ጋሽ አምባው ከሸዋ መጥተው ቦንጋ ላይ ጨርቅ ሲነግዱ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። የቦንጋን ዝናብ ጠባዩን አውቀዋለሁ ይሉ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን አታለላቸውና መንገድ ላይ ያዛቸው። በአንድ የኮረሪማ መጋዘን ታዛ ሥር ሲጠለሉ፣ ከወሎ ተመድቦ የመጣውን መምህር ሰላሐዲንን አገኙት። ባጃጆቹ ጭቃውን ፈርተው ስለቆሙ ከመነጋገር በቀር ሌላ ሥራ አልነበራቸውም።

«መምህር፣ እንኳን አገኘሁህ» አሉ ጋሽ አምባው ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርሱ። «ባለቤቴን የማታ ትምህርት ግቢ ያልካት አንተ ነህ አሉ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ራሳቸው መጥተው ነው የጠየቁኝ። ምዝገባው ነገ ያበቃል። እርስዎ ካልፈቀዱ ግን አልመዘገብም ብለዋል።»

ጋሽ አምባው ይህን አላወቁም ነበር። ቢሆንም ከቁጣቸው ቶሎ መመለስ አልሆነላቸውም።

«ምን ጎደለባት? ቤቷ ሙሉ ነው። ልጆቿን ድራለች። ሲያማት አሳክማታለሁ። በዚህ ዕድሜዋ ሀ ሁ ምን ይሠራላታል? ጥጋብ ነው!»

«ልክ ነዎት፤ ጥጋብ ነው» አለ መምህሩ።

ሽማግሌው ክርክር ሲጠብቁ ስምምነት ስለገጠማቸው ግራ ተጋቡ።

«የራበው ሰው ፊደል አያምረውም፤ ስለ እንጀራው ነው የሚያስበው። ከጠገበ በኋላ ያለ ስጋት ውሎ ማደር ይፈልጋል፤ ከዚያ መወደድ፣ መከበር ያምረዋል። ይኼ ሁሉ ሲሟላለት ደግሞ፣ ምን መሆን እችል ነበር ብሎ ራሱን ይጠይቃል። እትዬ ዓባይነሽን እዚህ ያደረሷቸው እርስዎ ነዎት። ቀጣዩ ረሃብ ቢመጣባቸው ምን ይገርማል?»

«ይኼ የመጽሐፍ ወሬ ነው።»

«እንግዲያው መጽሐፉን እንተወው። አምና ለእድሩ ዳኝነት ሲወዳደሩ እርስዎ ምን ጎድሎብዎት ነበር?»

ጋሽ አምባው ምርጫውን አስታወሱ። የተመረጡ ዕለት ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ደግሰው እልል ያሉላቸውም ወይዘሮ ዓባይነሽ ነበሩ። ያን ጊዜ ጠገበ ያላቸው ሰው አልነበረም።

«በዚያው ስብሰባ» አለ መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሌላው ሲፈርም እትዬ ዓባይነሽ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነከሩ። ከዚያ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ደብቀው ተቀመጡ።»

ያንን ቀለም የነካውን ጣት ጋሽ አምባው ስንት ጊዜ አይተውታል! ሚስታቸው እንደሚያፍሩበት ግን አንድም ቀን አላሰቡም፤ አሁን በራሳቸው አፈሩ።

ዝናቡ ሲያባራ ቤታቸው ገቡ። ወይዘሮ ዓባይነሽ ፊታቸውን አይተው ነገር እንዳለ ገባቸው።

«ጠግበሻል» አሏቸው ጋሽ አምባው።

ወይዘሮዋ አንገታቸውን ደፉ።

«ጠግበሻል አልኩ እኮ! እንግዲያውስ ነገ በጠዋት ሄደሽ ተመዝገቢ።»

ቤቱ ከዚህ ትምህርት ያገኘው ጥቅም ብዙ ነው። የመድኃኒቱን አወሳሰድ ለማወቅ ጎረቤት መጥራት ቀረ። ጋሽ አምባውም ሱቁን ለሚስታቸው ትተው ዘመድ ጥየቃ ቢታ ገነት ድረስ መሄድ ቻሉ። ወይዘሮዋ ግን ከሁሉ አብልጠው የወደዱት በእድሩ ስብሰባ ስማቸውን በገዛ እጃቸው መጻፋቸውን ነበር።

አንድ ቀን ባልና ሚስት በባጃጅ ወደ ገበያ ሲወርዱ፣ ወይዘሮ ዓባይነሽ ከፋርማሲው እስከ ፀጉር ቤቱ ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር።

«አሁንስ ጠገብሽ?» አሏቸው ጋሽ አምባው እየሳቁ።

«የምን መጥገብ!» አሉ ወይዘሮዋ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ፤ «ገና አሁን ራበኝ እንጂ።»