የእማማ ዘይነባ የተቃጠለ አምፖል

እማማ ዘይነባ አንድ የተቃጠለ ረጅም ፍሎረሰንት በፎጣ ጠቅልለው የፊዚክስ ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። አሰላ ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ አላቸው፤ ተማሪዬ ሰዓዳ የልጅ ልጃቸው ናት። "አስተማሪዋ፣ የሞተ አስነሳለሁ ብለሻል አሉ። ልጄን ከዚህ ላስወጣት መጥቻለሁ" አሉኝ። ደነገጥኩ። በመኪና ባትሪ የሚሠራውንና ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨውን የሽቦ ጥቅል፣ ኮይሌን ሳስነሳው፣ የተቃጠለ ፍሎረሰንት ያለ ሽቦ በልጆቹ እጅ ላይ ሲበራ፣ ለማሳቅ ብዬ የተናገርኩት ነበር። ሰዓዳ ያንን ቤት ወስዳ ብታወራ፣ ወይ ዋሽታለች ወይ አስማት እየተማረች ነው ተባለ።

"ይግቡና ይዩት፣ እማማ።"

"በራሴ አምፖል ከሆነ። ያንቺን አላምነውም!"

ብልጭታው እንዳይደርስባቸው ራቅ አድርጌ አቆምኳቸውና ኮይሉን ከፈትኩ። አምፖሉ እጃቸው ላይ ቦግ አለ። "ያ ረቢ!" ብለው ሊጥሉት ሲሉ ሰዓዳ ሮጣ አያቷን ደገፈቻቸው፤ "አኮ፣ አያቴ፣ አይዞሽ፣ አያቃጥልም።" እማማ "ዱጋ ኬ፣ እውነትሽን ነው" ብለው ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ለመሆኑ ይሄ ሞቶ ነበር?"

"አልሞተም፣ እማማ። ዳርና ዳሩ ላይ ያለው ሽቦ ነው የተቃጠለው፤ ውስጡ ያለው ጋዝ ደህና ነው።"

"ታዲያ እንደዚያ ብለሽ አታስተምሪያቸውም?"

ፊቴ ጋለ። እዚያው ለተማሪዎቹ ንግግሬን አረምኩ። እማማ አምፖሉን ትተውልኝ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። "ጎረቤቴም ብነግራት አታምነኝም። ነገ የራሷን አስይዤ ላምጣት?"