ጋሼ መብረቅና የከሸፈችው ጥይት

የባለቤቴን የጆሮ ጌጥ ላሠራ ወደ ጎረቤቴ ወደ ወርቅ ሠሪው ሱቅ ጎራ ብል፣ ሰውየው መዶሻውን ትቶ ሽጉጥ ይዞ መስተዋት ፊት ቆሟል። ፊት ለፊቱ ያለው ሱቅ ከተዘረፈ ወዲህ ፈቃድ አውጥቶ የገዛው ነው። ግማሽ የቀረውን የጥይት ካዝና አሽቀንጥሮ፣ ሙሉውን ከወገቡ መንጭቆ ሽጉጡ ውስጥ ቀጭ ያደርጋል። ደንበኞቹ «ጋሼ መብረቅ!» እያሉ ያጨበጭባሉ።

በዚህ መሀል የእህቱ ልጅ ገባች። የጥበቃ ሠራተኞችን ተኩስ የምታሠለጥን ሴት ናት። የወደቀውን ካዝና አንሥታ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«አጎቴ፣ ይሄ እኮ እውነተኛ ጥይት ነው! ሰው በተሰበሰበበት?»

«ቃታው ላይ ጣቴን አላሳርፍም፤ ምን አስቆጣሽ?»

«ጣት ይስታል። ከዚህ ግድግዳ ማዶ የሚተኛው የማን ልጅ ነው?»

የሚተኙት የእኔ ልጆች ናቸው። ደሜ ፈላ። ሰው በልጆች ጭንቅላት አቅጣጫ እየቀለደ ይጨበጨብለታል?

«ልጄ፣ ሌባ ሲመጣ ቶሎ ያጎረሰ ነው የሚያሸንፈው» አለ ወርቅ ሠሪው።

«ማን ነው ያለዎት? ከሌባ ጋር የሚደረግ ተኩስ ባብዛኛው አንድ ካዝና ሳያልቅ ይለይለታል። ገና ጥይት ያለውን ካዝና መቀያየር ለዓይን ያምራል እንጂ አያድንም። ሊለማመዱት የሚገባው ጥይት ሲያልቅብዎና ሲከሽፍብዎ የሚያደርጉትን ነው።»

«የእኔው አይከሽፍም፤ ውድ ዕቃ ነው!»

«እንግዲያው ቅዳሜ መተኮሻ ሜዳ ይምጡ» አለችው። ወደ እኔ ዞራም «እርስዎም ምስክር ይሁኑ» አለችኝ።

ቅዳሜ ካዝናው ውስጥ ከእውነተኞቹ መሀል አንድ የማይተኮስ የመለማመጃ ጥይት ደብቃ ሰጠችው። ሁለቴ ተኮሰ። ሦስተኛው ቀጭ ብሎ ቀረ። ጋሼ መብረቅ ካዝናውን በቅጽበት ቀየረ፤ ግን የከሸፈችው ጥይት የሽጉጡ ጉሮሮ ውስጥ እንዳለች ናትና አሁንም ቀጭ። ግራ ገብቶት «ተበላሸ!» እያለ ከነሽጉጡ ወደ እኛ ዞረ። የእህቱ ልጅ እጁን ለቀም አድርጋ አፈሙዙን ወደ ኢላማው መለሰችው።

«ሊገድሉን ነው እንዴ! ይሄው ነው መብረቅነትዎ?»

ሰውየው በላብ ተጠመቀ። «ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሲከሽፍ የካዝናውን ቂጥ በመዳፍዎ መታ ያድርጉ፣ የከሸፈችው እንድትወጣ ያቀባብሉ፣ ከዚያ አይተው ይወስኑ። ሲያልቅ ባዶው ይውደቅ፤ ሙሉውን ያጉርሱና ያቀባብሉ። ዓይንዎ ከአደጋው አይነሣ። ሌላው ጌጥ ነው።»

ደጋግሞ ሞከረ። መጀመሪያ እጁ ተሳሰረ፤ ኋላ ግን ተፍታታ።

«እስከ ዛሬ ታዲያ ምን ስሠራ ነበር?» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ሲጨበጨብልዎ ነበር፣ አጎቴ።»

ከዚያ ወዲህ ሲለማመድ እውነተኛውን ጥይት ቆልፎበት በመለማመጃው ብቻ፣ ሲከሽፍና ሲያልቅ የሚደረጉትን እነዚያን ሁለቱን ብቻ ይለማመዳል። ጓዳው ላይም የብረት በር አስገጠመ። ጥቂት የሚያውቅ፣ ግን የሚያውቀውን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው አይደናበርም፤ የማይደናበር ሰው ደግሞ ሳይተኩስ ማምለጫውን ያያል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጩቤ የያዘ ጎረምሳ ገባበት። ወርቅ ሠሪው ጓዳ ገብቶ በሩን ቀርቅሮ ጮኸ፤ ሰፈርተኛው ሲደርስ ጎረምሳው እግሬ አውጪኝ ብሏል።

«ሽጉጡስ?» አልኩት።

«ከወገቤም አልወጣ» አለኝ። እንደዚያ ቀን ኮርቶ አይቼው አላውቅም።