ብርዱ የማን ነው

የበደለኝ የኮምፒውተር ጠጋኙ ነው። ልጄ ሐዋሳ ሥራ ይዛ ስትሄድ ኮምፒውተሯን ትታልኝ ነበር፤ አቧራውን ጥረግልኝ ብዬ ብወስድለት፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ መሆኑን አይቶ ሳቀ። «እትዬ፣ ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣ? የጉና ብርድ አይበቃዎትም? በከንቱ ነው የሚጮኸው» ብሎ የውሃውን ፓምፕም የማራገቢያዎቹንም ገመድ ነቅሎ ማሽኑን መለሰልኝ። ቤት ወስጄ ብከፍተው ዝም። ልጄ ከሄደች ወዲህ እኮ በዚያ ቤት ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ እሱ ብቻ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግሎ ጠፋ። ለጠጋኙ ብደውልለት «አርጅቷል፤ መጥቼ ለመለዋወጫ እወስደዋለሁ» አለኝ።

እኔ ፊደልንም ያለ አስተማሪ ነው የለየሁት። ኮምፒውተሩ ከመጣበት ካርቶን መመሪያውን አወጣሁና ሥዕሉን ከማሽኑ ጋር እያስተያየሁ የፓምፑን ገመድ በቦታው፣ የማራገቢያዎቹንም በየቦታቸው ሰካሁ። ስከፍተው ውሃው ተንቆረቆረ፣ ማራገቢያውም መተንፈስ ጀመረ። ምንም ሳልሠራበት ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ጠጋኙ ሊወስደው መጥቶ ድምፁን ከደጅ ሰማ። «ማን ሠራልዎት? በዚህ ብርድ አገር መቼም አያስፈልገውም ነበር» አለ። እኔም እንዲህ አልኩት፦ «ብርዱስ የእኔ ነው ልጄ፤ እሱን ሊገድለው የነበረው ሙቀት ነው።»