ከሰባት ሺህ አራት መቶ ሃያ ዘጠኝ ስንት ይተርፋል?

ክቡራትና ክቡራን፣ የመንዝ ቀየት መምህራንና ካህናት፣ ልትሸኙኝ ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እማሆይ አስካለ ማርያም፣ ጠላው ጉሽ ነው፤ ለተባረረ ሰው ግን ይህም ሲበዛበት ነው። እጅዎ ይባረክ።

ጸጉሬ እስኪሸብት ባሕረ ሐሳብ ሳስተምር ኖሬ፣ ዛሬ ከወንበሬ ያስነሳኝ ማነው? ቁጥር! ዓመተ ዓለም ሰባት ሺህ አራት መቶ ሃያ ዘጠኝ፤ ይኸው ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ዘንድሮ።

ጉደኛ ቁጥር ነው እኮ። ለሁለት ብትሉት እምቢ፣ ለሦስት እምቢ፣ ለአምስት እምቢ፣ ለሰባትም እምቢ። ኩሩ ነው ብላችሁ ስትተዉት ለአሥራ ሰባት፣ ለአሥራ ዘጠኝና ለሃያ ሦስት እኩል ይካፈላል። ሦስቱን እርስ በርስ ብታባዟቸው ደግሞ እሱን ራሱን ይሰጧችኋል። ሦስቱም ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለማንም አይካፈሉም፤ እንደኔ ግትሮች ናቸው።

ታዲያ ለተማሪዎቼ "ይህ ዓመት ተራፊ የለውም" አልኳቸው። ተካፍሎ ያልቃል ማለቴ ነበር። ወሬው ግን ጣሊያኖች የሰፈሩበት ሞላሌ ሲደርስ "ዘንድሮ በሕይወት የሚተርፍ ሰው የለም" ሆነ! ተይዤ ጣሊያኑ ካፒቴን ፊት ቆምኩ። አስተርጓሚው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ማካፈል ላይ ስንደርስ ከትምህርቴ የጠፋው ጎበዜ።

"ማነው የማይተርፈው? ወታደሬ ነው?" አለ ካፒቴኑ።

"ኧረ ጌታዬ፣ ሰባት ሺህ አራት መቶ ሃያ ዘጠኝን ነው ያልኩት።"

"ይህን ያህል ሽፍታ አላችሁ?"

"የለም፣ ለአሥራ ሰባት ሲካፈል..."

"ለአሥራ ሰባት ተከፋፍለው የት ሸመቁ?"

እናንተማ ሳቁ፣ ሳቁ፤ ያኔ ጠመንጃው የዞረው ወደ እኔ ነበር። በስንት መከራ ነገሩ የገባው መሰለኝና ትእዛዝ ሰጠ። "ሕዝቡ እንዳይሸበር፣ አንድ ይተርፋል ብለህ አስተምር። አለዚያ መንዝን ልቀቅ።"

ወይ ጉድ! አገሩን መውሰዱ አንሶት ቁጥሩንም ላርም ይላል? የጾሙን ቀን ለማውጣት ዘንድሮን ለአሥራ ዘጠኝ ገድፈን፣ አካፍለን ማለት ነው፣ አንድ ከተረፈ፣ ለከርሞ ሁለት ሊተርፍ ነው፤ ጾሙም በዓሉም ይዛባል። በካፒቴን ትእዛዝ በሁዳዴ ቅቤ ልብላ? አልበላም! ነገ ወደ መርሐቤቴ ቆላ እወርዳለሁ።

ከእናንተ መለየቱ አንጀቴን በልቶታል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ትምህርቱ ነው። ከነገ ጀምሮ የሚያስተምሩት አባ ገብረየሱስ ናቸው። ሰው ፈሪ ናቸው ይላቸዋል፤ እኔም ብያለሁ።

አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጎበዜ ሊያዳምጠን ተልኮ በሩ ላይ ቆሟልና ጮክ ብለው ይመልሱልኝ። ዘንድሮን ለአሥራ ዘጠኝ ሲገድፉት ስንት ይተርፋል?

አልሰማሁም፣ አባ። እስቲ ይድገሙት።

ሰማችሁ? "ምንም!" አሉ፤ ያውም ከመቀመጫቸው ተነሥተው! ኧረ እልል በሉ!

አባ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሁላችሁንም ለዘመነ ማርቆስ በጤና ያድርሳችሁ፤ ልጆቻችሁ ማንንም ሳይፈሩ የሚማሩበትን ቀን ያሳያችሁ። እኔ እየፈራሁ ነበር የመጣሁት፤ አሁን ቀልሎኝ እሄዳለሁ። ደህና ሁኑ።