ረጋ ያለው ባሕር

ሳውዲ ውስጥ ከጂዛን ወደ ደርብ በምትሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ ሁለት ያገሬ ልጆች ያወራሉ።

«አሠሪዬ፣ ከፊሌ፣ ጎረምሳ ልጅ አለው። ሰው ይፈራል፤ ወላሂ፣ ከክፍሉ አይወጣም።»

«ታዲያ አላሳከሙትም?»

«ደግፌው ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ ሳጥን የሚያክል መነጽር አለው። ስታጠልቀው ገበያው ከነሕዝቡ እፊትህ ድቅን ይላል። እያዩ መልመድ ነው ሕክምናው።»

«ለመደ?»

«የት! ‹መጀመሪያ እሱ ይሞክረው› ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። እናቱ መዳም ‹ያላ፣ ቶሎ በል!› አለችኝ። ሐኪሙ ደግሞ ‹ለጀማሪ ገበያ ይከብዳል› ብሎ ረጋ ያለ ባሕር ከፈተልኝ። መንፈስ ያሳርፋል አለ።»

«ባሕር? ላንተ?»

«ባሕር! ውሃው ወዝወዝ ሲል ‹ቁጭ በሉ! የተነሳ ሰው ጀልባውን ይገለብጠዋል!› ብዬ ጮህኩ። ልክ ባሕሩን በጀልባ እንዳሻገረን ደላላ፣ በዐረብኛ።»

«ያ ረቢ! አላባረሩህም?»

«መነጽሩን ሳወልቅ መዳምም ሐኪሙም ወለሉ ላይ ቁጭ ብለዋል።»

«ልጁስ?»

«በሳቅ ፍርስ አለ። መዳም ሳቁን ከሰማች ስንት ጊዜዋ፤ አለቀሰች። አሁን በየሳምንቱ ያለ እኔ አይሄድም።»

«አንተስ ባሕሩን ለመድከው?»

«ባሕሩ ኸላስ፣ በቃኝ! ገበያውን ክፈትልኝ አልኩት። ከሰው ጋር እየተጋፋሁ እዞራለሁ፤ እዚያ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ የሚጠይቅህ የለም።»

ከፊታችን የፖሊስ ፍተሻ ሲታይ፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ገበያ ገባሁ።