በየቀኑ የሚለወጠው ዜማ

ከሰዓት በኋላ ነበር። ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ሲወርድ ጋሽ ማርሽ ካፖርታቸውን ክንዳቸው ላይ እንዳጠፉ ላውንደሪው ውስጥ ዘው አሉ። «ጋሽ ማርሽ» ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የከተማውን የማርሽ ባንድ መርተው በጡረታ የተገለሉ፣ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ሲወጡ ግራ ቀኝ እየቆጠሩ የሚራመዱ ሽማግሌ ናቸው።

ቤቱ በካውያ እንፋሎት ታፍኗል። መስኮቱ ደብዝዞ የውጭው መንገድ በሕልም እንደሚታይ መንገድ ሆኗል። ከጣሪያው የተንጠለጠሉት ልብሶች በላስቲክ ተሸፍነው፣ ቆመው እንዳንቀላፉ ሰዎች ቀስ እያሉ ይወዛወዛሉ። መደርደሪያው ላይ ካለው ሬዲዮ የሳክስፎን ድምፅ ይወጣና ከእንፋሎቱ ጋር ይቀላቀላል።

«እባክሽ ልጄ፣ ያንን ነገር ዝጊልኝ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ዝናቡ ይበቃናል።»

«ምን አደረገዎት ጋሼ? ጃዝ እኮ ነው» አለች ባለ ላውንደሪዋ፣ ካውያዋን ሳታቆም።

«ጃዝ መሆኑንማ መች አጣሁት! ቤቴ ድረስ ገብቶ ልጄን የወሰደብኝ እሱ አይደል?»

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ኮቱን የሚጠብቅ አንድ ወጣት ነበር። ጎረቤታቸው ነው፤ ኮሌጅ ጨርሶ ሒሳብ ያስተምራል። ብድግ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው።

«ይቀመጡ ጋሼ። ልጅዎ ተወሰደች? ዛሬ ጠዋት እኮ ደጅ ላይ ሰላም ብላኛለች።»

«አካሏማ አለ፤ የሄደው ልቧ ነው» አሉና ተቀመጡ። «ክላርኔት ያስያዝኳት እኔ፣ ባንዱ ውስጥ ያስገባኋት እኔ። አሁን ጃዝ የሚጫወቱ ልጆች ከእኛ ጋር ሁኚ አሏት። ዛሬ ማታ ቁርጡን ትነግራቸዋለች። እኔን ደግሞ ‹አባባ፣ እርስዎ እሺ ካላሉኝ ልጆቹን እምቢ እላቸዋለሁ፤ ዳግመኛም አላነሳውም› አለችኝ። እሺ አላልኩም። አልልምም።»

«እሷስ ምን ትላለች?»

«ምን ትለኛለች? ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። እኔ ፎቅ፣ እሷ ምድር ቤት። እራት ላይ ‹ጨው አቀብይኝ› እላታለሁ፤ ታቀብለኛለች፤ አለቀ።»

መምህሩ ለመከራከር የሚቸኩል ሰው አልነበረም። ሬዲዮውን አዳመጠና፣ «ጋሼ፣ ጃዝ ላይ ያለዎት ቅሬታ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ሙዚቃ ማለት ሥርዓት ነው ልጄ። ኖታው ተጽፏል፤ መሪው እጁን ሲያነሳ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ትንፋሽ ይነፋል። ይኸኛው ግን አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፤ የገበያ ጫጫታ!»

«እውነትዎን ነው፤ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ኮሌጅ ሳለሁ የክፍል ጓደኛዬ ጃዝ ሲከፍት ትራስ እጭን ነበር።»

«ማን ላይ? ሬዲዮው ላይ ወይስ ጓደኛህ ላይ?»

«ጆሮዬ ላይ ጋሼ!» ሦስቱም ሳቁ። «ቆይቼ ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ከሥር ያለውን ወፍራም ድምፅ፣ ቤዙን ያድምጡልኝ። ይዞርና ወደ መነሻው ይመለሳል። ሳክስፎኑ መንገድ የሳተ ቢመስልም ቤዙ ሲመለስ አብሮት ይደርሳል። ሥርዓቱ እንደ ቤት መሠረት ከሥር ስለሆነ ነው የማይታየን።»

የጋሽ ማርሽ ጣት ጉልበታቸው ላይ መቁጠር ጀመረ። ቤዙ ዞረ፤ ሳክስፎኑ ከሩቅ እንደሚመጣ መንገደኛ እየተንገዋለለ መጥቶ፣ ልክ በሰዓቱ ደጃፉ ላይ ደረሰ።

«አጋጣሚ ነው» አሉ።

ደግሞ ዞረ። ደግሞ ደረሰ።

«ይኼም አጋጣሚ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ለስለስ ብሎ ነበር።

«ከማርሽ ይበልጣል ማለቴ አይደለም» አለ መምህሩ። «ብዙ ሰው በአንድ እግር ማስኬድ ጃዝ አይችልም። ቃል ያለው ዘፈንም ጃዝ የማይናገረውን ይናገራል። መጥፎ ጃዝም ሞልቷል፤ እንደ መጥፎ ማርሽ።»

«መጥፎ ማርሽ የሚባል ነገር የለም!» አሉና ትንሽ አሰብ አደረጉ። «የታችኛው ሰፈር ባንድ የሚነፋው ሲቀር።»

ባለ ላውንደሪዋ ሰው ዝም ሲል አይሆንላትም። ሱሪ ገልብጣ እየተኮሰች፣ ዘወትር ለደንበኛ የምታወራውን የሙሽራውን ታሪክ አነሳች። አንድ ሙሽራ የሠርጉን ሱሪ በጥድፊያ ሲወስድ የሌላ አጭር ሰው ሱሪ ተሳስቶ ይደርሰዋል። ሲለብሰው እጉልበቱ ሥር ቀረ። «ታዲያ ሙሽራው መስታወት ፊት ቆሞ እንባው ዱብ ዱብ! ‹እግሬ ነው ያደገው ወይስ ሱሪው ነው ፈርቶ ወደ ላይ የሸሸው?› እያለ...»

«ቆይ ቆይ» አሉ ጋሽ ማርሽ። «ባለፈው ስትነግሪኝ ሙሽራው መች አለቀሰ? ሚዜው ላይ ነበር የጮኸው።»

«ያን ቀን እርስዎ ተቆጥተው ነበር የመጡት፤ ስለዚህ ሙሽራውም ተቆጣ። ዛሬ ዝናብ ነው፤ እርስዎም ከፍቶዎታል። ታዲያ ሙሽራው ካላለቀሰ ምን ያድርግ?»

ሽማግሌው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። መምህሩ ፈገግ ብሎ ጠበቃቸውና፣

«ጋሼ፣ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምተውታል?» አለ።

«ልብስ ባመጣሁ ቁጥር።»

«ሱሪው ሁልጊዜ አጭር ነው፤ ሠርጉም ሁልጊዜ በጭፈራ ያልቃል። ይህን እሷም ልትለውጠው አትችልም። የቀረውን ግን ፊታችንን እያየች ትፈጥረዋለች። ከወረቀት ብታነብልዎ ኖሮ እስካሁን ይስቁ ነበር? ጃዝ የሚጫወት ሰውም እንዲሁ ነው። ዜማው አንድ ነው፤ አነጋገሩ የዕለቱ ነው።»

«ወሬ ሌላ፣ ሙዚቃ ሌላ» አሉ ጋሽ ማርሽ፤ ወዲያው ግን የተዳፈነው ንዴታቸው ተነሳ። «እኔን የሚያንገበግበኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? በልጅነቷ የደረስኩላት ማርሽ አለች። እሷን ነው በየቀኑ ምድር ቤት ተቀምጣ የምትሰባብራት። አንድም ቀን እንዳለፈው ቀን አድርጋ ነፍታት አታውቅም። መጀመሪያ ረስታት መስሎኝ ደነገጥኩ። በኋላ ገባኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም!»

«እንዴት እንዴት አድርጋ ነው የምትለውጣት?»

«አንዱን ቀን እንዲህ፣ አንዱን ቀን እንዲያ ነዋ! ጥርሴን አሞኝ የዋልኩ ዕለት ቀስ አድርጋ፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ በሚመስል ትንፋሽ። በሩን በላይዋ ላይ ወርውሬ የወጣሁ ዕለት ደግሞ ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ፣ እንደ ተቆጣ ሰው። ወንድሜ ከሩቅ አገር የመጣ ዕለትማ ዘላ ጨፍራ...»

ካውያው ተነፈሰ። የተንጠለጠሉት ልብሶች ወዲህና ወዲያ አሉ፤ ሽማግሌው ግን ላውንደሪው ውስጥ አልነበሩም። ፎቅ ላይ፣ ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ ከወለሉ ሥር ያቺ ማርሽ አንዴ እያባበለች፣ አንዴ እየተቆጣች፣ አንዴ እየሳቀች ትወጣለች።

«ልጄ እያየች የምትነፋው...» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «የእኔን ፊት ነው እንዴ?»

መምህሩ ተነስቶ ሬዲዮውን ዝቅ አደረገ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለች ባለ ላውንደሪዋ። «እኔማ በዚያ ሳልፍ ስሰማ፣ አባትና ልጅ የሚያወሩ ነበር የሚመስለኝ።»

«ያወራችውስ እሷ ብቻ ናት» አሉ ጋሽ ማርሽ። ካፖርታቸውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ካፊያው ውስጥ ወጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ እርምጃቸውን አልቆጠሩም።

ደጃፋቸው ሲደርሱ ክላርኔቱ ይሰማል። በዝግታ ነበር የሚሄደው፤ ለመሰናበት እንደሚዘጋጅ ሰው። በሩን ገፋ አደረጉ። ልጅቷ አባቷን ስታይ ደንግጣ ክላርኔቱን ከአፏ አወረደች።

«ተይ፣ አታቁሚ» አሉ። «እዚህ ጋ ለምን ዝቅ አደረግሻት?»

«እንዲህ መጫወቱን ዛሬ ስለማቆም ነው አባባ። እርስዎ ሊነግሩኝ የሚፈልጉትን አውቄዋለሁ። ልጆቹን እምቢ ልላቸው ነው።»

«አላወቅሽውም። እንዲያውም ስትነግሪኝ የሰነበትሽውን ያላወቅሁት እኔ ነበርኩ።» ከጎኗ ተቀመጡ። «ሂጂና እሺ በያቸው። በሙሉ ልቤ ነው የምልሽ።»

ልጅቷ ማልቀስና መሳቅ ተምታታባት። ክላርኔቱን አነሳች፤ ዜማው ግን በእንባ ምክንያት ተሰበረ። ጋሽ ማርሽም፣ «ይኼም ይሁን፤ የዛሬው እንዲህ ነው» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት እራት ላይ ከጨው ሌላ የሚወራ ነገር ተገኘ። ልጅቷ ባንዱን ጨርሳ አልተወችም፤ አልፎ አልፎ እየሄደች፣ ነፊዎቹ ከኖታው ቀና ብለው ጎረቤታቸውን እንዲያደምጡ ታለማምዳቸዋለች። ማርሹ ሥርዓቱ ሳይጓደል ለጆሮ የጣፈጠው ከዚያ በኋላ መሆኑን ከማንም በፊት የመሰከሩት አሮጌው መሪ ናቸው። አዲስ ነገር አሮጌውን ሁልጊዜ አይገድለውም፤ ቀርበው ካደመጡት አንዳንዴ ዕድሜ ይጨምርለታል። ሳይሰሙ መፍረድ ግን ዳኛውንም ብቻውን ያስቀረዋል።

ልጅቷ ከአዲሶቹ ጓደኞቿ ጋር በተጫወተችበት ዕለት ጋሽ ማርሽ ከመምህሩ ጋር የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዜማው ሲያበቃ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እሳቸው ብቻ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ፈዘው ቀሩ።

«ምነው ጋሼ፣ አልወደዱትም?» አለ መምህሩ ጎንበስ ብሎ።

«ዝም በል እባክህ» አሉ በሹክሹክታ። «መጨረሻው ላይ በክላርኔቷ ጥያቄ ጠይቃኛለች። መልሱን ቤት ሳንደርስ ላገኘው እያሰብኩ ነው።»