በሬው አልሞተም

ከኮረም ወደ ሰቆጣ በጭነት መኪና ስንጓዝ፣ እህል ጆንያ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌና አንድ አስተማሪ ስለ ፓርላማው ምርጫ ያወጉ ነበር።

"አባቴ፣ ማንን መረጡ?" አለ አስተማሪው።

"በሬን።"

"በሬማ ምልክቱ ነው። ሰውየውን ማለቴ ነው።"

"ሰውየውን ምን ላደርገው? በሬ የፊታውራሪያችን ቤት ምልክት ነው። አባቴም ለዚያው ቤት ያደረ ነው። ሰበካው በሙሉ የመረጠው በሬን ነው።"

"ሰውየው እኮ ጾሙ ሳይገባ ሞቷል!"

"አውቃለሁ፤ ተዝካሩንም በልቻለሁ።"

"እያወቁ መረጡት?"

"ሰውየው ሞተ እንጂ በሬው አልሞተም።"

"ወገን እያዩ መምረጥ ትርፉ ይኸው ነው። እኔ ሰው ለይቼ ነው የመረጥሁ።"

"ማንን?"

"የቀድሞውን የፓርላማ እንደራሴ። የተማረ ነው፣ አንደበቱም ርቱዕ ነው።"

"አራት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ተቀምጦ ስለ ዋግ ምን ተናገረ?"



"የተናገረውን እንጃ፤ አልሰማሁም።"

"እንግዲህ ልጄ፣ የእኔው ሞቶ ነው ዝም ያለው። ያንተን ምን አገኘው?"

እኔም የመረጥሁት ያንኑ የተማረውን ነበርና፣ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናነብሁ።